ከመኪናህ ሥር የዳሰስኩት

ሁሴኔ፣

ከሁሉ አስቀድሞ ይህን እወቅልኝ፤ መኪናዋን አልሸጥናትም። የቀረውን ሁሉ የምነግርህ ከዚህ ተነስቼ ነው።

ከተለየኸን ሁለተኛው ክረምት ወጣ። እኛ አልሐምዱሊላህ አፊያ ነን። መካነ ሰላምም እንዳለች ናት፤ ጭቃው ደርቆ አቧራው ጀምሯል። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ጠዋት የሚያስቸኩለኝ የትምህርት ቤት ደወል ስለሌለ በረንዳ ላይ ተቀምጬ የማየው አባዱላ መኪናህን ነበር። በሐዘኑ ሰሞን ጎረቤቶች ቤቱ ቢጠባቸው የእድሩን አግዳሚ ወንበርና የድንኳኑን ብረት ውስጧ ከተቱት። ለጊዜው ነው ብለው ነበር። ከዚያ በኋላ ለማውጣት ማንም አልደፈረም፤ እኔም አውጡልኝ አላልኩም። ብረቱ ሁሉ በግራ በኩል ስለተደረደረ መኪናዋ ቀስ በቀስ ወደዚያው አዘመመች። እንደዚያው ሆና ከረመች።

ዘንድሮ ልጃችን ኑሩ መንጃ ፈቃዱን ይዞ ከደሴ ተመለሰ። አባቴ በሠራበት መስመር እሠራለሁ አለኝ። እምቢ ማለት አልቻልኩም፤ ደስም አላለኝም። የጉጉፍቱን ጉምና የአቀስታን መንገድ አንተ ታውቀዋለህ። ወንበሩንና ብረቱን አወጣ፣ አጠባት፣ ባትሪ ቀየረላት። ሞተሯ ሲነሳ የሰማሁ ጊዜ ከበረንዳው ተነስቼ ጓዳ ገባሁ። ለምን እንደሆነ ላንተ መንገር አያስፈልገኝም።

ከተማውን አንድ ዙር ዞሮባት ሲመለስ ግንባሩ ተቋጥሯል። መሪው ወደ ግራ ይስባል። "የሸክሙ ነው፤ የኋላዋ ባሌስትራ ተኝቷል" አለ። እውነቱን ነው፤ ከሥሯ ሸክም የሚችሉት ተደራራቢ ብረቶቿ በዚያ በኩል ለጥ ብለው ነበር። ጋራዥ ወስዶ አሠራው፤ የጎማዎቹንም ነፋስ አስተካከለ። መኪናዋ ቀጥ ብላ ቆመች። ለእሱ ነገሩ በዚህ አለቀ። ጎረቤታችን ዘምዘም ልጇን አቀስታ ስለምትድር "ከሁሴን መኪና ሌላ አልፈልግም" ብላዋለች፤ የሙሽራዋን አጃቢዎች ሊያደርስላት ቃል ገባ።

እኔ ግን እስከ ገበያው ዳር ውሰደኝ አልኩትና የድሮው ቦታዬ ላይ ተቀመጥኩ። ትንሽ ጉድጓድ ባገኘች ቁጥር በእሱ እግር በኩል ከሥር ቋ ትላለች። መሪውን በጥቂቱ ሲያዞረው መኪናዋ መጀመሪያ አትሰማውም፤ ከዚያ በድንገት ትታዘዛለች። ወርጄ ጎማዎቹን በእጄ ዳሰስኩ። የፊተኛው ግራ ጎማ ጥርሱ በአንድ ጠርዝ ብቻ ተበልቷል። መሄድ የለብህም አልኩት።

ሳቀብኝ። "እማ፣ ይሄ መሪ ነው እንጂ የሂሳብ ፈተና አይደለም። እርማቱን ለጋራዡ ተይለት!" አለኝ። እኔም ሁለት ስህተት የሠራ ተማሪ አንዱን ስላረመ ሙሉ ማርክ አይሰጠውም አልኩት። ባሌስትራው ጥፋት ነበረበት፤ ብቻውን ግን አልነበረም።

ያን ጊዜ የጁምዓ ልማዳችን ትዝ አለኝ። ሞተሩን ታጠፋለህ፣ ጎማዎቹን በድንጋይ ትደግፋለህ፣ እኔን መሪው ላይ አስቀምጠህ አንተ ጆንያ አንጥፈህ ከሥር ትገባለህ። "ግራ… ቀኝ… በትንሹ" ትለኛለህ። ሕፃን እንደማባብል መሪውን ወዲያና ወዲህ አደርገዋለሁ። ካጠነከርኩት "አንቺ አስተማሪ፣ ጠመኔ አይደለም እኮ የያዝሽው!" ስትል ከሥር እሰማሃለሁ። ሁሉም ደህና ሲሆን በጣትህ አንጓ ወለሉን ከታች ታንኳኳና "አብሽሪ" ትለኛለህ። ድካሜን ሁሉ የምታነሳልኝ ያቺ አይዞሽ ባይ ቃል ነበረች። አብረን በኖርንበት ዘመን ሁሉ የማዞረው እኔ ነበርኩ፤ እጅህ እዚያ ታች ምን እንደሚያገኝ አንድም ቀን አላወቅሁም።

ስለዚህ ጆንያውን አነጠፍኩ። ዘምዘም በአጥሩ አይታኝ "ኧረ በአላህ! ሰዎች፣ መምህሯን ያዙልኝ!" እያለች ጮኸች። ጉልበቴም እንደ እሷ ጮኸ። ቢሆንም ገባሁ። ኑሩን ግራ፣ ቀኝ፣ በትንሹ አልኩት። እናንተ ቴስቲና የምትሉትን፣ የመሪውን ዘንግ ከጎማው ጋር የሚያገናኘውን ክብ መጋጠሚያ፣ በመዳፌ ጨብጬ ያዝኩ። የቀኙ ከዘንጉ ጋር እንደ አንድ አካል ሄደ። የግራው ግን ዘንጉ ተንቀሳቅሶ እሱ ጥቂት ይቆያል፤ ከዚያ ቋ ብሎ መዳፌን ይመታል፤ ሊወልቅ እንደደረሰ ጥርስ። ድገመው አልኩት። ደገመው። እጅህ ለዓመታት ያዳምጥ የነበረውን ያን ጊዜ ሰማሁት።

ዓይኔ ጨለማውን ሲለምድ ደግሞ ሌላ ነገር አየሁ። ግራሶውን የሚሸፍነው ላስቲክ ተቀዷል። በቀጭን የከመነዳሪ፣ የጎማ ውስጠኛ ላስቲክ፣ ቁራጭ ተጠቅልሎ በሽቦ ታስሯል፤ የሽቦው ጫፍም የሰው እጅ እንዳይወጋ ወደ ውስጥ ታጥፏል። እንዲህ የሚያጥፍ አንተ ብቻ ነህ። አውቀኸው ነበር ማለት ነው። አዲሱ ከደሴ እስኪመጣልህ አቧራ እንዳይገባበት ሸፈንከው፤ ከዚያ በሽታው አልጋ ላይ ጣለህ። በእነዚያ ቀናት መስኮቱን እያየህ ስለ መኪናዋ ልትነግረኝ ስትጀምር፣ እኔ ዕረፍ እያልኩ ብርድ ልብሱን እስብልህ ነበር።

ኑሩ ከላይ "እማ፣ ምን አገኘሽ?" አለኝ። ላልቷል አልኩት። ወርዶ በእጁ ዳሰሰው፤ ሽቦውንም አየ፤ ከዚያ ወዲያ አልተከራከረኝም።

ዕቃውን ደሴ የሚመላለስ ጓደኛህ አመጣልን። መካኒኩ ሲፈታው አጠገቡ ቆሜ፣ አሮጌው እስከየት እንደገባ ምልክት እንዲያደርግና አዲሱን እዚያው ድረስ እንዲያስገባ ነገርኩት። "መምህርት፣ ፈተና ላይ ያለሁ መሰለኝ" አለ፤ ግን አደረገው። ብሎኑ እንዳይፈታ የሚያስረውን ሽቦም ሳላይ አልለቀቅሁትም። ኑሩ በዝግታ፣ ሰው ሳይጭን፣ ደሴ ወስዶ ጎማዎቹን በመሣሪያ አስተካከለ። አሁን መሪው አይስብም፤ ከሥርም ድምፅ የለም።

ትናንት እንደገና ገባሁ። ግራውንም ቀኙንም ያዝኩ፤ ሁለቱም ከዘንጉ ጋር አብረው ሄዱ። እጄ ሳላዘው ወለሉን ከታች አንኳኳ። ኑሩ መሪውን እንደያዘ ቀረ። አንተ ከሥር ስታንኳኳ እየሰማ ያደገ ልጅ ነው። ቃሏን ይጠብቅ ነበር፤ እኔም ልላት አፌን ከፍቼ ነበር፤ አልወጣችልኝም።

ሁሴኔ፣ ያቺን የላስቲክ ቁራጭ አጥቤ ከመስፊያዬ ጋር አስቀምጫታለሁ። ጉልበቴ እስከፈቀደ ከጉዞ በፊት ጆንያውን እኔ አነጥፋለሁ። ሲያቅተኝ ኑሩ ከሥር ይገባል፤ እኔ እንደ ድሮው መሪውን እይዛለሁ። ከዱዓዬ ተለይተህ አታውቅም፤ አትለይምም።

ቅዳሜ ኑሩ የሙሽራዋን አጃቢዎች፣ የሰው ልጆችን ጭኖ አቀስታ ይወርዳል። እጅና ዓይን የሚችሉትን አድርገናል። እኔ የጎደለኝ ያቺ ቃል ናት፤ እሷን ደግሞ ካንተ በቀር የሚሰጠኝ የለም። በሕልሜም ቢሆን ና፣ ከታች አንኳኳና አብሽሪ በለኝ። እባክህ፣ ቅዳሜ ሳይደርስ መልስልኝ።