የፊቱ ፍሬን

ለአባዬ፣ ለሆዴ፤

እንደምን ሰነበትክ? ያ ጉልበትህ ሲበርድ ዛሬም ይጠዘጥዝሃል ወይ? ዓይንህስ? መነጽሩ አልስማማ ብሎህ ደብዳቤዬን አሁንም እማዬ እንደምታነብልህ ወንድሜ ነግሮኛል። እማዬ፣ አንቺስ ወገብሽ ተሻለሽ? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ደህና ነኝ።

ሥራዬ ያው ነው። የስፌት መኪና ተበላሸ ከተባለበት ቤት ሁሉ እሄዳለሁ። የመፍቻ ሳጥኔን ተሸክሜ አውቶቡስ ስሳፈር ግን ሰው ፊቱን ያጠቁርብኛል። ባለፈው ሳምንት አንዲት ሴትዮ እግር ላይ ጥዬው ከነዘር ማንዘሬ ተሰደብኩ፤ እናንተም አልቀረላችሁም።

ታዲያ በመንገዴ ካለ ሱቅ አንድ ሞተር ሳይክል አየሁ። አዲስ ነው፤ መልኩ ግን የድሮ። ክብ መብራት፣ ሆዱ የተነፋ የነዳጅ ሰልባትዮ፣ ቡናማ የቆዳ ኮርቻ። ቁርጥ ያንተው ሞተር። ሳጥኔን መሬት አስቀምጬ ዞር ዞር ብዬ አየሁት።

ልቤ ግዢ ይለኛል። ሳጥኔን ከኋላው አስሬ በቀን አምስት ቤት እደርሳለሁ። ብሎኑ ሁሉ በግልጽ ስለሚታይ ቢበላሽም ራሴ እፈታዋለሁ። ግን ክብደቱ የበሬ ነው፤ ዝናብ ከመጣ መጠለያ የለኝም፤ ብዙ ከነዱት ደግሞ እጅ ያደነዝዛል ይላሉ፣ የኔ እንጀራ በጣቴ ነው። ጓደኛዬ ልብስ ሰፊዋ፣ መልክ አይቶ ባል እንደማግባት ነው ብላ ሳቀችብኝ። እሷም እንደዚያው ነው ያገባችው።

በየማለዳው ከሞተርህ ሥር ካርቶን አንጥፈህ የዘይቱን ጠብታ ስትቆጥር ትዝ ይለኛል። የማያንጠባጥብ ሞተር ዘይት አልቆበታል ትለን ነበር። እኔም ካርቶን ይዤ ሄጄ ሱቁ ውስጥ አነጠፍኩ። አንድ ሰዓት ቆሜ ጠበቅኩ፤ ጠብ አላለም። ዘይት የለውም እንዴ ብዬ ብጠይቀው፣ ሻጩ የዛሬ ሞተር አያንጠባጥብም እህቴ ብሎ ካርቶኔን አጣጥፎ ሰጠኝ። አፈርኩ።

የያዘኝ ግን ክብደቱም ዝናቡም አይደለም። እማዬ፣ ከዚህ በታች ያለውን ሳታቋርጪ፣ ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ አንብቢለት።

አባዬ፣ ከሞተርህ የወደቅን ቀን ሰባት ዓመቴ ነበር፤ ሰልባትዮው ላይ ከፊትህ አስቀምጠኸኝ ነበር። መንገዱ አሟልጮኝ ነው አልክ። እማዬም ልጄን ልትገድልብኝ ነበር እያለች ስንት ዓመት ወቀሰችህ፣ ሞተርህንም አስሸጠችህ። መንገዱ ደረቅ ነበር። የፊቱን ፍሬን ድንገት ጭምቅ ያደረግኩት እኔ ነኝ። እጄን አይተሃል። ጉልበትህ ተሰብሮ ተኝተህ እንኳ ትንፍሽ አላልክም፤ እኔም ፈርቼ ዝም እንዳልኩ አደግኩ። ይቅር በለኝ። እማዬ፣ እሱን ከእንግዲህ አትውቀሺው፤ ቁጣሽን ወደኔ አድርጊው።

ሻጩ እስከ ወሩ መጨረሻ ይጠብቀኛል። አትግዢ ካልከኝ እተወዋለሁ፤ ቅር አይለኝም ብዬ ግን አልዋሽህም። ግዢ ካልከኝ፣ ልትጠይቀኝ ስትመጣ ከኋላዬ ትቀመጣለህ።

ታላቅ ወንድሜን ከነባለቤቱ፣ መንትዮቹን፣ ነገር አዋቂዋን አክስቴን ሳሙልኝ። ለጎረቤታችን ለፀጉር አስተካካዩም ሰላምታዬን አድርሱልኝ። እማዬ፣ ጉንጭሽን ስሜያለሁ። አባዬ፣ አንተን ግን ጉልበትህን ነው የምስመው፤ የተሰበረውን።

ልጅህ፣
ከስፌት መኪና መጠገኛው ክፍል፣ መስኮቱ ሥር
ሰኔ 4 ቀን