ለስሟ የተተወ ቦታ

…መስኮቱን የከፈትኩት እኔ ነኝ ወይስ እሷ፣ አሁን ለይቼ ማስታወስ አቃተኝ። ብርዱ ግን ትዝ ይለኛል። የአዛውንቱ የአንገት ልብስ ጫፍ ሲወዛወዝ፣ ሻንጣ ይዞ የመጣው ልጃቸው ጉልበታቸው ላይ ተደፍቶ፣ እኔ ደግሞ በጠረጴዛው ሥር ጣቶቼን እያጠፍኩ…

ይቅር በዪኝ እማዬ። ሰላም ሳልልሽ ከመሀል ጀመርኩብሽ። እስቲ እንደ ሰው ልጀምር። የማልጠግብሽ እናቴ፣ እንደምን ሰነበትሽልኝ? ጉልበትሽስ እንዴት ነው? ደረጃ ስትወጪ አሁንም መሀል ላይ ቆመሽ ታርፊያለሽ? መነጽርሽን ካላስቀየርሽ ይህን ደብዳቤ ጎረቤት ነው የሚያነብልሽ፤ እንደዚያ ከሆነ እዚህ ጋ አስቁሚውና ራስሽ እስክታነቢው ድረስ ትራስሽ ሥር አድርጊው። እኔ ደህና ነኝ። ሳሉም ለቆኛል።

ምን እንደምማር በነገርኩሽ ቁጥር ትስቂያለሽ። “የሰው ግጥም ቆጥረሽ ቆጥረሽ ስንት ኪሎ ወጣው?” ብለሽኝ ነበር። አሁንም ያው ነው፤ የጣሊያንኛ ግጥም፣ የዘመናዊዎቹን፣ አንድ ሰው ብቻውን ሆኖ ለራሱ የሚናገር የሚመስለውን ዓይነት። የድሮዎቹ ስንኛቸውን በአሥራ አንድ ቀለም፣ ማለት በአሥራ አንድ የድምፅ ቁራጭ፣ ይለኩት ነበር። አሥረኛው ላይ ድምፁ ይጠነክራል፣ አሥራ አንደኛው ላይ ዝቅ ይላል፤ ደረጃ ጨርሶ እንደሚያርፍ ሰው። አዲሶቹ መጡና ያንን ስንኝ ሰባበሩት። አንድ ቃል ከላይ፣ ሁለት ቃል ከታች፣ በመሀል ባዶ ወረቀት። የኔ ሥራ ስብርባሪውን ለቅሜ ጮክ ብዬ ማንበብና አሮጌው ልክ ከሥር እንዳለ ማሳየት ነው። ብዙ ጊዜ አለ። ሰበሩት እንጂ አልተገላገሉትም።

ይህን እንድሰማ ያስተማሩኝ መምህሬ ናቸው። ግጥም በዓይን አይነበብም ይሉ ነበር። እኔ ሳነብ እሳቸው የጣታቸውን አንጓ ጠረጴዛው ላይ ቀጭ ያደርጋሉ፤ ድምፅ የሚጠነክርበት ቦታ ላይ ብቻ። ከተሳሳትኩ አንጓቸው አየር ላይ ይቀራል። ያን ዝምታ ከፈተና በላይ እፈራው ነበር።

ባለፈው ዓመት ጭንቅላታቸው ውስጥ ደም ፈሰሰና ንግግር ጠፋባቸው። ይሰማሉ። ሰው ሲገባ ቀና ይላሉ። ውሃ ለማለት ሲሞክሩ ግን የሚወጣቸው “ታ… ታ” ብቻ ነው። የትምህርት ክፍሉ ሌላ አማካሪ ሰጠኝ። እኔ ግን ቤታቸው መሄዴን አልተውኩም። እግሬ የለመደውን መንገድ ይሄዳል መሰለኝ።

አንድ ከሰዓት በኋላ እያነበብኩላቸው አንድ ቀለም ዋጥኩ። አንጓቸው ጠረጴዛውን መታ። ከዚያ ስንኙን ከአፌ ነጥቀው እስከ መጨረሻው አነበነቡት፣ እንደ ድሮው፣ ጥርት አድርገው። ሲጨርሱ አዩኝና “ታ” አሉ። ሐኪሙ ኋላ እንደነገረን ነገሩ ብርቅ አይደለም፤ ሰው በቃሉ የያዘው ግጥምና ዜማ ንግግሩ የጠፋበት ቦታ ውስጥ አይቀመጥም።

አብራቸው የምትኖረው ሴት እጇ ውሃ እያንጠባጠበ ከወጥ ቤት ሮጣ መጣች። “ምን አለ? ምን አለኝ?” ግጥም ነው እትዬ፣ አልኳት። ስለ ምን ስትለኝ፣ ስለ ባሕር አልኩ። “ስለ ባሕር!” አለች። “ዓመት ሙሉ ሳገላብጠው፣ ሳጥበው፣ አፉ የሚፈታው ለባሕር ነው?” ስቃ ነው ያለችው። ግን ተመልሳ ወጥ ቤት ስትገባ ውሃው ለረጅም ጊዜ ሲፈስ ሰማሁት።

ይቺ ሴት ፀጉር ሠሪ ናት፤ ሱቋ ከቤቱ ጀርባ ያለው መንገድ ላይ ነው። ሚስታቸው ናት እንዳልልሽ አልተፈራረሙም። የመጀመሪያዋ ሚስታቸው፣ የልጃቸው እናት፣ ከሞተች ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው አብረው መኖር የጀመሩት። ቀለሙን በጣቴ ስለምቆጥር እኔን “ጣት ቆጣሪዋ” ነው የምትለኝ። ስታሾፍብኝ፣ “እንደ መብራት ቆጣሪ ግድግዳ ላይ ተለጥፈሽ ዝም ብለሽ ትቆጥሪያለሽ፣ ሒሳቡን ማን ይከፍላል?” ትለኛለች።

ልጃቸው ሌላ ከተማ መድኃኒት ቤት አለው። ክፉ ሰው አይደለም፤ ይህን አስቀድሜ ልንገርሽ። አንድ ቀን መጥቶ አባቴን እወስዳለሁ አለ። “ቤቴ ሰፊ ነው፣ ነርስም አለ” አለ። ሴትየዋ እዚህ ምን ጎደለው አለችው። አንገቱን ደፍቶ፣ “አባቴ እርስዎ ማን እንደሆኑ እንኳ አያውቅም” አላት። “እኔንም አያውቀኝም። ግን እኔ ልጁ ነኝ።” ያውቀኛል አለች። “እንግዲያው አንድ ቀን በስምዎ ይጥራዎት። እኔ እየሰማሁ። ያን ቀን እንደመጣሁ ብቻዬን እመለሳለሁ።” ወሩ ሲያልቅ እመጣለሁ ብሎ ሄደ።

እሷ እኔ ላይ ዞረች። “አንቺ ጣት ቆጣሪ፣ ያንን የባሕሩን የጻፈው ሰው ስሜን ጣል ቢያደርግበት ምን ነበረበት?” ሰውየው ሞቷል እትዬ፣ አልኳት። “ታዲያ አንቺ አለሽ አይደል?”

እማዬ፣ ግጥም ጽፌ አላውቅም። የሰው ነው የምቆጥረው። ግን ቤቴ ገብቼ ሞከርኩ። ስሟ ሦስት ቀለም ነው፣ ጉልበቱ መካከለኛው ላይ። የስንኙን መጨረሻ ለእሱ ተውኩለት፤ ልክክ አለ። የቀረውን ለመሙላት ግን ስንት ወረቀት እንደቀደድኩ! አንድ ቀለም ይተርፍብኛል፣ እሱን ስቆርጥ ሌላው ያንሳል። በመጨረሻ ሁለት አናባቢዎች ጎን ለጎን ገጠሙልኝ፤ በአንድ ትንፋሽ ይባላሉና የተረፈው ተዋጠ። በእኛ ቋንቋ ሲመጣ ይህን ያህል ነው፦ “ዝናቡ ቆሟል፣ መስኮቱን ክፈቺው፣” ከዚያ ስሟ። በቃ። ሰው ለሚስቱ የሚለው ነገር ነው። ከባሕሩ ግጥም ቀጥዬ፣ የእሱ የመጨረሻ ስንኝ አስመስዬ፣ አንጓዬን እየመታሁ በየቀኑ አነብላቸው ጀመር።

ደብዳቤሽ የደረሰኝ በዚያ ሰሞን ነው። ስለ ሰዓት ሠሪው የጻፍሽውን ደጋግሜ አነበብኩት። ሚስቱን የቀበረ ሰው ነው፣ ጨዋ ነው፣ ያስቀኛል፣ ላግባሽ ይለኛል አልሽ። “አንቺ እንቢ ካልሽ እንቢ እለዋለሁ” አልሽ። ለምን እኔ ላይ እንደጣልሽው አልገባኝም። ተቀይሜሽም ነበር። መልስ ልጽፍ ቁጭ እላለሁ፣ አባባ በነበረበት ክፍል በር ላይ የሌላ ሰው ካፖርት ተሰቅሎ ይታየኛል፣ ብዕሩን አስቀምጣለሁ። ዝም ያልኩሽ ለዚህ ነው። ጥፋቱ የፖስታ ቤቱ አይደለም።

መምህሬ ስንኙን የያዙት ሳልጠብቀው ነው። እሷ ጆሯቸው ጋ ያለውን ፀጉር እየከረከመች፣ እኔ የባሕሩን እያነበብኩ፣ የመጨረሻው ላይ ቀደሙኝና እስከ ስሟ ድረስ አሉት። መቀሱ ወደቀ። ሄዳ መስኮቱን ከፈተች።

ከዚያ ወዲያ በተባለ ቁጥር ትከፍታለች። ዝናብ ይኑር አይኑር፣ ብርድ ይሁን አይሁን። ሦስታችንም ጉንፋን ያዘን። ከታች ያለው ጎረቤት ወጥቶ፣ “ቤቱን እያናፈሳችሁት ነው ወይስ ልትሸጡት ነው?” አለን። እሷ አፍንጫዋን እየጠረገች፣ “ባሌ ነው ያዘዘኝ” አለችው። እንዴት ብላ እንዳለችው ብታዪ።

እኔ ግን እንቅልፍ አጣሁ። እሷ ሱቅ ስትሆን ለእኔም ይሉታልና። ለግድግዳውም ይሉታል። እንደ ባሕሩ፣ እንደ ሌሎቹ፣ አንዱ ከተጀመረ ሌላው የሚከተል ነገር ነው። አነበነቡት እንጂ አልጠሯትም። ለእሷ ግን ይህን በምን አፌ ልንገራት? ልጃቸውስ ልዩነቱን በምን ያውቃል? እያልኩ ራሴን አጽናናሁ።

ቀኑ ደረሰ። ጠዋት ጺማቸውን ላጨቻቸው፣ ሸሚዛቸውን ተኮሰች። እሷ ራሷ ለሠርግ የተጠራች ይመስል ፀጉሯን አሠርታ ነበር፤ ፀጉር ሠሪ ለሌላ ፀጉር ሠሪ ስትቀመጥ አስቢው። ልጁ ገባ። እንዳልኩሽ ሻንጣ ይዟል፤ ባዶ መሆኑ ከአያያዙ ያስታውቃል። አልቀመጥም አለ።

የባሕሩን ጀመርኩ። ቀለም እንዳልውጥ እፈራለሁ። የመጨረሻው ጋ ስደርስ ዝም አልኩና አንጓዬን መታሁ። እሳቸው ዝም። ደግሜ መታሁ። መምህሬ እኔን አያዩም፣ እሷንም አያዩም። ልጃቸውን ነው የሚያዩት፤ ግንባሩን፣ ዓይኑን፣ አፉን፣ አንድ ነገር እንደጣለ ሰው ፊቱ ላይ እየፈለጉ።

ከዚያ፦ “ዝናቡ ቆሟል፣ መስኮቱን ክፈቺው፣” አሉ። አንጓቸው አራተኛው ቀለም ላይ መታ፣ ሰባተኛው ላይ መታ፣ አሥረኛው ላይ መታ። ስምም ጠሩ። ሦስት ቀለም፣ ጉልበቱ መካከለኛው ላይ።

የእሷ ስም አልነበረም።

ልጁ ሻንጣውን ለቀቀው። “እማዬን” አለ። “የእማዬን ስም እኮ ነው የጠራው።” ጉልበታቸው ላይ ወድቆ እንደ ሕፃን አለቀሰ። “ያውቃል! ይኸው ያውቃል!” ይላል ደጋግሞ።

እኔ ያን ስም አላውቀውም ነበር። ያስተማራቸው የለም። በዚያ ቤት ከፍ አድርጎ የሚጠራውም አልነበረም። ስንኙ ግን አልተዛነፈም፤ እኔ ለአንዲት ሴት የለካሁት ቦታ ሌላዋን ያለ አንዳች ትርፍ ተቀበላት። ወሩን ሙሉ የኔን ሲያነበንቡ ከርመው፣ እማዬ፣ ያን ቀን ተናገሩ። ከታመሙ ወዲህ የራሳቸው የሆነ አንድ ቃል እሱ ነው። ይህን ሳስብ ደስ ይለኛል፣ በደስታዬ ደግሞ አፍራለሁ።

መስኮቱ ተከፈተ። ወይ እሷ ወይ እኔ።

እሷ ወደኔ መጥታ በጆሮዬ፣ “ልክ ነው?” አለችኝ። ምኑ እትዬ? “ቁጥሩ።” ልክ ነው አልኳት። “እንግዲያው ደህና ተናገረ” አለች።

ከዚያ ልብሳቸውን ወደ ሻንጣው ማጠፍ ጀመረች። ለልጁ ስታጥፍ ነገረችው፤ በግራ ጎኑ አስተኛው፣ ሾርባው ካልበረደ አትስጠው፣ ጆሮው ጋ ስትላጨው ይኮረኩረዋልና ቀስ በል። ልጁ እስከዚያ ቀን “እርስዎ” ብቻ ነበር የሚላት። “እትዬ” አላት። “እርስዎም አብረውን…” ብሎ አልጨረሰውም። “ደንበኞቼንስ ለማን ልተዋቸው?” አለችው። የካፖርታቸውን ቁልፎች ከታች ወደ ላይ ቆለፈችላቸው። የላይኛው ጋ ስትደርስ እጇን ይዘው “ታ” አሏት። እሷም “እሺ” አለቻቸው።

ታክሲው ከሄደ በኋላ መሄድ ነበረብኝ። አልሄድኩም። ይህን የምጽፍልሽ በእሳቸው ጠረጴዛ ላይ ነው፤ ገና ፀሐይ አለ። አዲሱ አማካሪዬ የመጨረሻውን ምዕራፍ ይጠብቃል። ምን ብዬ እንደምዘጋው አላውቅም።

እናቴ፣ እግዚአብሔር ጉልበትሽን ያጽናልሽ። ዓይንሽን ያብራልሽ። የልብሽን ያድርስልሽ፤ ይህን ስልሽ ከልቤ ነው፣ ብዕሬ ቢዘገይም። ሳቅ ከቤትሽ አይጥፋ። ለሰዓት ሠሪው እሺ ለማለት እኔን አትጠብቂኝ።

የምትሳሳልሽ
ልጅሽ

ደብዳቤውን ላጥፈው ስል ሴትየዋ ካፖርቷን ለብሳ በበሩ አለፈች። የት ነው እትዬ፣ ሱቁ ዛሬ ዝግ አይደለም ወይ አልኳት። “እከፍተዋለሁ፤ አንቺ ጻፊ” አለችኝ። ደረጃው ላይ እግሯ ተሰማኝ። ቆመ። ደግሞ ወረደ። የታችኛው በር ተዘጋ።