ውሻ ያልነከሳት ልጅ

ኅዳር 4
መርፌ ክፍል ከገባሁ ሦስተኛ ሳምንቴ። ዛሬ አሥራ ዘጠኝ ሰው ወጋሁ። ሕፃናቱ ነጭ ጋወኔን ገና ከበር ሲያዩ እሪ ይላሉ። እኔም «ያዙልኝ!» እልና... ጠቅ! አለቃዬ ሲስተር ዛሬም አልማረችኝም። «አንቺ ልጅ፣ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ሲባል አልሰማሽም?» ሰምቻለሁ። ግን ያን ሁሉ ሰልፍ ማን ይጨርስልኝ?

ኅዳር 5
ኧረ ጉድ! ከየት ልጀምር?

ጠዋት አንዲት እናት ሁለት ዓመት የማይሞላት ድምቡሼ ልጅ ታቅፋ ገባች። ካርዱ ላይ «ውሻ» ብቻ ተጽፏል። የካርድ ክፍሉ ጋሼ እንደሆኑ ቃል ይቆጥባሉ። ለውሻ ንክሻ የሚሰጠውን ክትባት ቀዳሁ።

«የት ጋ ነው የነከሳት?»
«ማን?»
«ውሻው ነዋ!»
«ኧረ ሲስተርዬ፣ እኛ ውሻም የለን! ሳሏን ነው እኮ ያልኳቸው። እንደ ውሻ ነው የሚያስጮኻት...»

ልጅቷ ሳለች። እውነትም ቁርጥ ውሻ! ልስቅ ስል አየር ስትስብ ሲር... የሚል ድምፅ ሰማሁ። አንገቷ ሥር ጎድጎድ ይላል። ሳቄ አፌ ላይ ቀረ። መርፌውን አስቀምጬ እናትየውን እየጎተትኩ ወደ ሕፃናት ድንገተኛ ክፍል!

ጉሮሮዋን ለማየት የምላስ መጫኛውን እንጨት ሳነሳ ተረኛው ረጅም ዶክተር እጄን ያዘኝ። «እንዳትነኪያት! ካለቀሰች መተንፈሻዋ ጭራሽ ይጠብባል።» የሚያወራው በሹክሹክታ ነው። ክሩፕ ይባላል አለ፣ ጉሮሮዋ ውስጥ የድምፅ መውጫዋ አካባቢ አብጧል።

እኔ እኮ «ያዙልኝ» ልል ነበር... ብወጋት ኖሮስ?

እናቷ ጭን ላይ እንደተቀመጠች ዴክሳ የሚባለውን መድኃኒት በአፏ ጠብ ጠብ አደረገላት። እብጠቱን ያወርዳል፣ ግን ሰዓታት ይፈልጋል። እስከዚያው በጭምብል እንደ ጭስ የምትተነፍሰው አድሬናሊን የሚባል መድኃኒት አለ። ጭምብሉን ለእኔ ሰጠኝ። «ቀስ ብለሽ» አለ። እኔ? ቀስ? መጀመሪያ በጨዋታ ጭምብሉን አስጠግቼ አውራ ጣቷን «አስተነፈስኩት»። ቀጥሎ ጉልበቷን። ሦስተኛው ላይ ራሷ ጭምብሉን ወደ ፊቷ ሳበችው። ጎበዝ!

ሲር ሲር ማለቱ ቀነሰ... ጠፋ! «የጭሱ ኃይል ሲያልቅ ሊመለስባት ይችላል፣ ለአራት ሰዓት እዚሁ ትቆይ» አለ ዶክተሩ። በየአምስት ደቂቃው እየሮጥኩ አንገቷን አየሁ። አልተመለሰም። አልተመለሰም!

ኅዳር 6
ለጋሼ ነገርኳቸው። «እኔ ምን ላድርግ፣ ውሻ ነው ያለችኝ» አሉ። ከካርዶቹ ቀና ብለው... «ደህና ናት ግን?»

ኅዳር 8
ድምቡሼ ለምርመራ መጣች። ዶክተሩ አይቷት ሲጨርስ እናቷ ልታመሰግነኝ ወደ እኔ ይዛት ገባች። ልጅቷ ጋወኔን አየችና... እሪሪሪ! ኮሪደሩ ተናጋ።

«ዝም በይ፣ ሲስተር ትቆጣሻለች!»
«ኧረ ተዪያት! ታልቅስ!»

ሲር የሚል የለ፣ የሚያፏጭ የለ። ወንበር ስቤ ፊት ለፊቷ ተቀመጥኩ። ሰልፉ ይጠብቃል፣ ይጠብቅ። ዓይኔ ለምን እንባ እንዳቀረረ እኔ እንጃ... ደስታ ነው መቼም።

አለቃዬ እየሮጠች መጣች። «ደግሞ ማንን ነው እንዲህ የምትወጊው?»
«ማንንም አልወጋሁም። እያዳመጥኩ ነው።»