የአራቱ ቡሎኖች መደብ

እኔ፣ ከአናጺው ሱቅ ጎን ያለችው ትንሿ ማተሚያ ቤት ባለቤት፣ ዛሬ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ ወሩ ሊያልቅ አሥር ቀን ሲቀረው፣ ማንም ሳያስገድደኝና ማንም ሳያባብለኝ ይህን የመጨረሻ ፈቃዴን በቃሌ ተናግሬ አስጽፌአለሁ። አእምሮዬ ጤነኛ ነው። ዛሬ ጠዋት እንኳ ለደንበኛ ከሚሄድ የደረሰኝ ጥራዝ ውስጥ ሁለቴ የታተመ ቁጥር አግኝቼ አውጥቻለሁ። የታመመው ልቤ ነው። በሚቀጥለው ሳምንት ሐኪሞች ደረቴን ከፍተው ሊጠግኑት ቀጥረውኛል። ከተጠገነ መልካም፤ ካልተጠገነ ግን ልጄና የባለቤቴ ወንድም በእኔ ዝምታ የተነሣ እንዲጣሉ አልፈልግም።

የኑዛዜን አጻጻፍ ያወቅሁት ከቁራጭ ወረቀት ነው። ማንበብንም ያወቅሁት እንዲሁ ነው፤ ትምህርት ቤት አልገባሁም። በልጅነቴ በአንድ ማተሚያ ቤት ጠራጊ ሆኜ ስቀጠር፣ ከመቁረጫው ሥር የሚወድቀውን ጠርዝና የተበላሸ ቅጂ እየሰበሰብሁ ፊደል ከፊደል ለየሁ። የዚያ ቤት ማሽኒስት ይህን አይቶ ኖሮ፣ ጽሑፍ የበዛበት ቁራጭ ሲያገኝ አጣጥፎ ከማሽኑ ጎን ያስቀምጥልኝ ጀመር። ለብዙ ጊዜ በመካከላችን የነበረው ንግግር ይኸው ብቻ ነበር። ኋላ ባለቤቴ ሆነ። ቁራጭ በማንበብ ስላደግሁ የብዙ ነገር መጀመሪያ አውቃለሁ፤ የብዙ ነገር መጨረሻ አላውቅም። ያገኘሁት የኑዛዜ ቅጽም ታችኛው ግማሹ ተቆርጦ የወደቀ ነበር። ስለዚህ መጨረሻውን ራሴ እንደሚመስለኝ አደርገዋለሁ።

እዚህ ክፍል ውስጥ ያለነው እነዚህ ነን። ማመልከቻ ጸሐፊው ይጽፋል። ጎረቤቶቼ በያጁና ልብስ ሰፊዋ ምስክሮቼ ናቸው። ሰፈሩ ሁሉ ቀለሜ የሚላት ልጄ መቁረጫውን ተደግፋ ቆማለች። ጥድፊያ ብለን የምንጠራው የባለቤቴ ታናሽ ወንድም የወረቀት ክምር ላይ ተቀምጦ እግሩን ያወዛውዛል። ጸሐፊው ብዕሩን ከማንሣቱ በፊት «የእርስዎን ቃል ብቻ ነው የምጽፈው ወይስ የእነሱንም?» ብሎ ጠየቀኝ። የሁሉም ይጻፍ አልሁ።

«ወይ ጉድ!» አለች ልብስ ሰፊዋ። «ቀደም ብለሽ ብትነግሪኝ አፌን ሰፍቼ እመጣ ነበር።»

ይህም ተጽፏል።

አንደኛ። የወረቀት መቁረጫውን ለልጄ ሰጥቻለሁ። ይህን መቁረጫ አልተከራየሁትም፤ ገዝቼዋለሁ። ባለቤቴ ከሄደ በኋላ በራሴ ሐሳብ የገዛሁት የመጀመሪያ ዕቃ እሱ ነው። ስለቱ ሲደንዝ እናስለዋለን፤ ከዚያ ውጭ ያለው ብልሽቱ ከበያጁ እጅ አልፎ አያውቅም። ልጄ ሆይ፣ በየቀኑ የምትነኪውን፣ ሲያመው የት እንደሚያመው በድምፁ የምታውቂውን ዕቃ አትከራዪ። ለእንዲህ ያለው ዕቃ አንድ ጊዜ ጨክነሽ ገንዘብሽን አውጪ።

ሁለተኛ። ባለቀለሙ ዲጂታል ማተሚያ የኪራይ ነው፤ በኪራይ ይቀጥል። ጥድፊያ «ለዚህ ሣጥን የከፈልነው ኪራይ ቢጠራቀም ሁለት ይገዛ ነበር» ይላል። ሒሳቡ ትክክል ነው። ነገር ግን ሲበላሽ ሽፋኑን ከፍተን የምናየው ነገር የለም፤ አከራዮቹ ራሳቸው መጥተው ያነሡታል። ሞዴሉ ሲያረጅም በሌላ ይተካሉ። የመጀመሪያውን ገዝተነው ቢሆን ኖሮ ዛሬ ቀለም የማይገኝለት፣ መለዋወጫ የሌለው፣ ድመት የሚተኛበት ዕቃ ይዘን በቀረን ነበር። በዚህ ጉዳይ ልጄ ልክ ናት።

«ተጻፈ?» አለች ቀለሜ።

«ተጽፏል» አለ ጸሐፊው።

«ሁለቴ ይጻፍልኝ። ጋሼ ጥድፊያ አንዱን ሳያነብ ይዘለዋል።»

ሦስተኛ። አሁን ጠቡ ወዳለበት መጣሁ። ደረሰኙን፣ ፖስታውን፣ የደብተር ሽፋኑን የምናትምበት ትልቁ ማሽን ዘጠኝ ዓመት በኪራይ ሲሠራልን ቆይቷል። ውሉ በዚህ ወር መጨረሻ ያልቃል። አከራዮቹ ወይ በቀሪው ዋጋ እንድንገዛው ወይ እንድንመልሰው ጠይቀውናል። ጥድፊያ እንግዛው ይላል። ቀለሜ እንመልሰውና ፈጣኑን አዲስ እንከራይ ትላለች። ሁለቱም እኔን ይጠብቃሉ፤ እኔ ግን ሦስት ወር ሙሉ «እስቲ እናያለን» ስል ከረምሁ። ለምን እንዲህ እንዳልሁ ሁለቱም ያውቃሉ። ምስክሮቼ እንዲያውቁት ደግሞ አስረዳለሁ።

ከመስኮቱ በታች፣ ብርሃኑ ደኅና በሚወድቅበት ቦታ፣ አንድ የኮንክሪት መደብ አለ። ቁመቱ እስከ ቅልጥም ይደርሳል። በላዩ አራት ቡሎኖች ቆመዋል። መደቡን ያፈሰሰው ባለቤቴ ነው። ያን ጊዜም የምንሠራው በኪራይ ማሽን ነበር፤ ባለቤቴ ግን ኪራይ አይወድም። የአከራዩ ሰው በየወሩ መጥቶ ማሽኑን ከላይ እስከ ታች ሲያየው ፊቱ ይጠቁራል። «በሰው ማሽን ስሠራ እጄም የሰው ይመስለኛል» ይለኝ ነበር። ባሕር ማዶ ያለ አንድ ትልቅ ማተሚያ ቤት ያገለገለ ማሽን እንደሚሸጥ ሰማ። እዚያ ሄዶ ሊሠራ፣ ዋጋውን ከደመወዙ ሊከፍልና ማሽኑን ይዞ ሊመለስ ወሰነ። ከመሄዱ በፊት ሻጮቹ የላኩለትን የማሽኑን እግር ልክ በካርቶን ቆርጦ፣ ሲሚንቶ አቡክቶ፣ ቡሎኖቹን በልኩ ተከለ። ቡሎኖቹ ላይ የሚጠብቁትን አራት ዳዶዎች ግን ሸሚዙ ኪስ ውስጥ ከተታቸው።

«ለምን ትወስዳቸዋለህ?» አልሁት።

«እዚህ ከቀሩ ልጅቷ ትጫወትባቸውና ይጠፋሉ። እኔ ጋ ይሁኑ፤ ከማሽኑ ጋር አመጣቸዋለሁ።»

ልጃችን መራመድ ገና መጀመሯ ነበር። መንገዱን ይዞ ሲወርድ ዳዶዎቹ ኪሱ ውስጥ ሲንኳኩ እስከ ማዞሪያው ድረስ ሰማኋቸው።

ሁለት ዓመት ያህል ወሬው ይደርሰኝ ነበር፤ ግማሹን ከፍያለሁ፣ ትንሽ ቀረ ይለኝ ነበር። ከዚያ አንድ መንገደኛ ያ ማተሚያ ቤት ተዘግቶ ሠራተኞቹ እንደተበተኑ ነገረኝ። ከዚያ ወዲህ ምንም የለም። ሞቷል ያለኝ ሰው የለም፤ አለ ያለኝም የለም። እነሆ ልጄ ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው።

መደቡን አስነክቼ አላውቅም። ወረቀት አይከመርበትም፤ ደንበኛ አይቀመጥበትም። ቅዳሜ ቅዳሜ ሥራ ስንዘጋ ቡሎኖቹን ግራሶ እቀባቸዋለሁ፤ ሰው እንዳይቧጭሩም ከአሮጌ የጎማ ጓንት ጣቶች ቆርጬ አልብሻቸዋለሁ። ጥርሳቸው ዛሬም አዲስ ነው። ዛሬ ቢመጣ ዳዶው ያለ ችግር ይዞርለታል።

የኪራዩ ማሽን ደግሞ ወለል ላይ እንዳይታሰር ውሉ ይከለክላል፤ አከራይ ንብረቱን በፈለገ ጊዜ ማንሣት መቻል አለበትና። ያልታሰረ ማሽን ሲሠራ ይሄዳል። ቀኑን ሙሉ እየተንቀጠቀጠ ይራመዳል፤ ጠዋት ጠዋት በዲጂኖ ብረት ገፍተን ወደ ቦታው እንመልሰዋለን። ከገዛነው ግን መታሰር አለበት፤ መታሰሪያ ያለው ደግሞ መደቡ ላይ ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ጥድፊያ ከወረቀቱ ክምር ላይ ዘሎ ወረደ። «እትዬ፣ ይቅርታ አድርጊልኝና፣ ማሽኑ እንኳ ቦታውን ያውቃል። የሚሄደው እኮ ወደ መደቡ ነው! በየቀኑ ልውጣ ይላል፣ እኛ በየቀኑ እንጎትተዋለን።»

«ማሽን ምን ያውቃል? ወለሉ ዘቅዝቆ ነው» አለች ቀለሜ።

«አንቺ ዝም በይ፤ ለእናትሽ ነው የምናገረው።»

«ለእናቴማ እኔም ልናገር።» ልጄ ወደ እኔ ዞረች። «እማ፣ ሰው አባቱን በመልኩ ያውቃል፣ በድምፁ ያውቃል። እኔ አባቴን የማውቀው በቅልጥሜ ነው። ይሄ መደብ ስንቴ እንደመታኝ ቁጥሩን ረስቼዋለሁ።»

ልብስ ሰፊዋ ሳቀች፤ ቀጥሎ መሳቋ አሳፈራት። ጸሐፊው «ይሄ ይጻፍ?» አለኝ። ይጻፍ አልሁ። እውነት ነውና።

አራተኛ። በባንክ ያስቀመጥሁት ገንዘብ አለ። ባለቤቴ ማሽኑን ሲልክ ለማጓጓዣ ይሆናል ብዬ ከየሥራው ጥቂት ጥቂት እየቀነስሁ ያጠራቀምሁት ነው። ሌላ ነገር ነክቶት አያውቅም። ቀለሜ ስትታመም እንኳ የጆሮ ጌጤን ሸጥሁ እንጂ እሱን አላወጣሁም። ይህ ገንዘብ ዛሬ ለኪራዩ ማሽን ቀሪ ዋጋ ይበቃል። የወሩ መጨረሻ ሳይጠበቅ ነገ ይውጣና ማሽኑ ይገዛ። ጥድፊያ ልክ ነው። ልጄ ሆይ፣ የአዲሱን ፍጥነት አይተሽ እንደጓጓሽ አውቃለሁ። ነገር ግን የእኛ ሥራ ደረሰኝና ፖስታ ነው። ሥራ የቀዘቀዘበት ወር ይመጣል፤ ኪራይ ግን አይቀዘቅዝም። የዚህን ማሽን ሳል አንቺ ከእኔ ይልቅ ታውቂዋለሽ፤ ባለፈው ከአከራዮቹ ባለሙያ ቀድመሽ የቱ ጥርስ እንደተበላ የነገርሽው አንቺ ነሽ። ትልቅ ሥራ በመጣ ጊዜ ፈጣኑን ለዚያ ሥራ ብቻ ተከራዪ።

ማተሚያ ቤቱና ማሽኑ የልጄ ናቸው። ከትርፉ ሲሶው የጥድፊያ ነው፤ ዕቃ የሚያደርስበት ብስክሌትም የእሱ ነው። ወንድሙ ሲሄድ እሱ ጎረምሳ ነበር፤ እሱም መሄድ ይችል ነበር። ቀረ። በዝናብም በፀሐይም ጥራዝ ተሸክሞ ከደንበኛ ደንበኛ ዞረ። የሄደ ሰው ሁልጊዜ ዓይን ላይ አለ፤ የቀረውን ሰው ማየት ነው የሚከብደው። እኔ ግን አይቼሃለሁ፣ ወንድሜ።

ጥድፊያ ዞሮ የወረቀቱን ክምር ጠርዝ ያስተካክል ጀመር። ሳይጣደፍ ሲሠራ ያየሁት ዛሬ ነው።

አምስተኛ። ለታላቅ እህቴ ጥቁሩን ጨርቅ መልሱላት። ባለቤቴ ከጠፋ ጥቂት ዓመት በኋላ «በቃ፣ ልበሺና አልቅሺ፣ ይውጣልሽ» ብላ ያመጣችልኝ ነው። አልለበስሁትም፤ የማሽን አቧራ መከላከያ አደረግሁት። በዚያ ተቀይማ ሁለት ዓመት አላነጋገረችኝም። ታጥቦ ይሰጣት። ብሞት ለእኔ ትልበሰው፤ ለእሱ አይደለም።

ስድስተኛ። የተገዛው ማሽን ከእኔ በኋላ መደቡ ላይ ወጥቶ ይታሰር።

«ለምን ከአንቺ በኋላ?» አለች ልጄ። በቀስታ ነው ያለችው። «እማ፣ ለምን አሁን አይሆንም?»

በዚህ መካከል በያጁ፣ ሰው ሲናገር ዝም ብሎ መቀመጥ የማይሆንለት፣ ሜትሩን አውጥቶ የማሽኑን እግር፣ ከዚያም መደቡን ይለካ ነበር። ጉልበቱ ላይ እንደተንበረከከ ቀና አለ።

«እህቴ፣ ወርዱ አንድ ነው፤ የማሽኑ ርዝመት ነው የሚያንሰው። በመስኮቱ በኩል ያሉት ሁለቱ ቡሎኖች ልክ ይገባሉ። በዚህ በኩል ያሉትን ሁለቱን ቆርጬ ወደ መስኮቱ ቀረብ አድርጌ ሌላ ሁለት እተክላለሁ።»

«ሁለቱ ይገባሉ?» አልሁት።

«እንደተለካ።»

ተነሥቼ ሄድሁ። በመስኮቱ በኩል ያሉትን ሁለት ቡሎኖች የጎማ ጣታቸውን አውልቄ አየኋቸው። ይህን ያህል ዘመን የጠበቅሁት ከማሽን ጋር የሚመጣ ሰው ነበር። ሰውየው ስለቀረ ቦታው ባዶ መቅረት አለበት ብዬ ነበር። እሱ ግን መደብ ያፈሰሰው ማሽን እንዲቆምበት ነበር።

ስለዚህ ከላይ «ከእኔ በኋላ» ያልሁት ይሰረዝ። ጸሐፊው ሰርዞታል። ክፍያው እንደተፈጸመ፣ ሆስፒታል ከመግባቴ በፊት፣ ማሽኑ መደቡ ላይ ይውጣ። ቆሞ ላየው እፈልጋለሁ።

ከእኔ በኋላ የሚጸናው ኑዛዜ ይህ ነው። ባለቤቴ ከተከላቸውና ከሚተርፉት ሁለት ቡሎኖች በአንዱ ላይ አዲስ ዳዶ ይጥበቅ። በሌላው ላይ ማንም ዳዶ አያስገባ። የእሱ ዳዶ ኪሱ ውስጥ ነው። ቢመጣ፣ ለሌላ ማሽን ቦታ እንደሌለ ንገሩት፤ ወንበር በመስኮቱ በኩል አስጠጉለት፤ መፍቻውን ስጡት።

«በሦስት ይቆማል?» ብሎ ጠየቀ ጸሐፊው፣ ይህን ከጻፈ በኋላ።

«ይቆማል» አለ በያጁ። «ሥራ ሲበዛ በዚያ ጥግ ትንሽ ይንኳኳል እንጂ።»

«ይንኳኳ» አልሁ።

የቅጹ ታችኛው ግማሽ ምን እንደሚል አላውቅም። የእኔ ግን እዚህ ላይ ያበቃል። የተናገርሁት ሁሉ ተነቦልኝ፣ ቃሌ መሆኑን አረጋግጬ በእጄ ፈርሜአለሁ።

ተናዛዧ፣ የማተሚያ ቤቱ ባለቤት።

የሰማሁትን ሳልጨምርና ሳልቀንስ ጽፌአለሁ፣ ማመልከቻ ጸሐፊው።

አብሬ ሰምቻለሁ፤ ለአራተኛው ቡሎን ከቆዳ ቆብ እሰፋለታለሁ፣ ልብስ ሰፊዋ።

ለክቻለሁ፤ ሦስት ዳዶ ይዤ እመጣለሁ፣ በያጁ።

ተስማምቻለሁ፣ የባለቤቷ ወንድም።

ተስማምቻለሁ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ግራሶ የምቀባው እኔ ነኝ፣ ልጇ።