የባጁ ነገርና የበላቸው ፍየል

ሰኞ፣ ጥቅምት 3

የበላቸው ፍየል ዛሬም ጌሾውን ጋጠችው። ሚስቴ ዓይናዲስ በእጇ የተከለችውን። እሷ ከሞተች ወዲህ እንደ ልጅ ነው የያዝኩት። አጥርህን ጠግን ስለው "ፍየል አጥር አታውቅም" ይለኛል። ግንበኛ ሆኖ የራሱን አጥር የማይሠራ ጎረቤት!

ከሰዓት ቦርሳ ያነገተ ልጅ እግር መጣ። ማኪናውን ከጥግ አቁሟል። "አያ፣ በላቸው የሚባል ግንበኛ ያውቃሉ? ጠባዩ እንዴት ነው?" ከየት ነህ አልኩት። ከመሥሪያ ቤት አለ። ከየትኛው? "ለማጣራት ነው" ብሎ ፈገግ አለ። ምን ያስፈግገዋል? ሰው ፈልጎ የሚዞር ደግ ነገር ይዞ አይመጣም። አላውቀውም አልኩት። ፍየሏ ከኋላዬ ጌሾ እያኘከች ታየኛለች... ፍየል ሌላ፣ ሰው ሌላ። ለባዳ አልሰጠውም።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 5

ሥራ ቦታ ሁላችንን፣ ግንበኞቹን እነበላቸውንም ሰበሰቡን። የሚሠራው የውኃ ማጠራቀሚያ የመንግሥት ነው፣ ኮንትራክተሩ የሚያስገባው ሰው ሁሉ ተጣርቶ ባጅ ያንጠለጥላል አሉ። ባጅ የሌለው ከወሩ መጨረሻ ወዲያ በር አያልፍም። በሩን የምጠብቀው እኔስ? "እርስዎም አያ" አለኝ ኢዮስያስ፣ የኮንትራክተሩ ጸሐፊ። አሻራ ሰጠሁ። ቆብ አውልቅ ብለው ፎቶ አነሱኝ። መላጣዬን ምን ሊያደርጉት ነው? ከፖሊስም ከወንጀል ነጻ የሚል ወረቀት አመጣሁ። ሌላው በእኛ በኩል ይጣራል አሉ። በእኛ በኩል ማለት ምንድን ነው?

ሥራው ከቀረ ልጄ ጽጌሬዳ ትመጣና ባሕር ዳር ትወስደኛለች። "ሥራ አለኝ" እያልኩ ነው እስካሁን የመለስኳት። ቤቱን ዘግቼ፣ የእናቷን መቃብር ትቼ፣ የሰው ሶፋ ላይ ልቀመጥ?

ረቡዕ፣ ጥቅምት 12

ወንዴ ባለሱቁ ነገረኝ። ያ ባለ ቦርሳ በበላቸው ደጃፍ ቆሞ የእኔን ስም ሲጠራ ሰምቶታል። በላቸው ምን አለ? "እኔ ምን አውቄ፣ እጁን ሲያወናጭፍ ነው ያየሁ።" እጁን? ስለ እኔ እጅ የሚያስወናጭፍ ምን ነገር አለ?

ዓርብ፣ ጥቅምት 14

በላቸው ቀድሞ ሰላም አለኝ። ፍየሏንም አስሯታል። ምነው ዛሬ? ይሄ ደግ አይደለም።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 20

ኢዮስያስ ቢሮ ጠራኝ። ቁጭ በሉ አለ። አልቀመጥም አልኩ።

"አያ፣ ማጣራቱን አላለፉም።"

"ሌባ ነው አሉኝ?"

"ኧረ! አለኸኝ የሚባል ሰው በሰፈሩ አይታወቅም ነው የሚለው።"

እናቴ ስሜን ስታወጣ እግዜርን አለኸኝ ማለቷ ነበር። እነሱ እኔኑ የለህም አሉኝ። በተወለድኩበት ሰፈር! ኢዮስያስ የሚያውቁዎትን ሰዎች እስከ ወሩ መጨረሻ ያምጡ ይላል። የሚያውቀኝን ፈልጌ ልለምን ነው? አላደርገውም።

በላቸው ነው። ሌላ ማን አለ? ሰላምታው፣ የፍየሏ መታሰር... በሩን ለዘመዱ ተመኝቶት ይሆናል።

ዓርብ፣ ጥቅምት 21

ጽጌሬዳ ደወለች። ደህና ነኝ አልኳት። "አባዬ፣ ምነው ድምፅህ?" ጉንፋን ነው አልኩ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 27

የመድኃኔዓለም ማኅበር ዛሬ ወንዴ ቤት ነበር። በላቸው ይቀዳል። የእኔ ተራ ሲደርስ ዋንጫዬን በእጄ ከደንኩት።

"ምነው፣ ከእጄ አልጠጣም አልክ?"

"ለባለ ቦርሳው አሳልፈህ ሰጥተኸኝ?"

"ምን ብዬ?"

"አንተ ታውቃለህ።"

ማንቆርቆሪያውን አስቀመጠ። "አላውቀውም ነው ያልኩት! ማኪና ደብቆ ለመጣ ሰው ጎረቤቴን ላሳይ? እናቴ እንዲህ አልወለደችኝም! እጄን አወናጭፌ፣ እንዲህ የሚባል ሰው የለም አልኩት።"

ወንዴ ጎሮሮውን ጠረገ። "እኔም ጠይቆኝ ነበር። አላውቀውም አልኩ።" ከጥግ አንዱ "እኔም" አለ። ሌላውም። ማኅበሩ በሙሉ ክዶኛል!

"የእኔንም ባጅ ከለከሉኝ" አለ በላቸው። "አይታወቅም አሉ። ማን ይሆን እንዲህ የጠበቀኝ?"

አንገቴን ደፋሁ... ከዚያ "እኔ ነኝ" አልኩ።

"እግዜር ይስጥህ! እኔ ደግሞ በጌሾው ቂም ቋጥረህ የምትናገርብኝ መስሎኝ፣ እንድትለሳለስ ፍየሏን ማሰሬ!"

ሳቁ ከወንዴ ቤት አልፎ መንገድ ተሰማ። እኔ አልሳቅሁም። ትንሽ ነው የሳቅሁት። ዋንጫዬን አቀረብኩለት።

ዓርብ፣ ጥቅምት 28

ከተማው መሀል አራዳ ወርደን ከሚያጣራው ቢሮ ለምስክርነት ቀረብን። እኔ ለእሱ፣ እሱ ለእኔ። ያው ባለ ቦርሳው ነው የተቀመጠው።

"አያ፣ በላቸውን ያውቁታል?"

ምላሴ "አላ..." ብሎ ጀመረ። በላቸው በክርኑ ጎሸመኝ።

"አውቀዋለሁ።"

"ጠባዩስ?"

"ግትር ነው። አጥር አይጠግንም። ፍየሉ ባለጌ ናት። የሰው ዕቃ ግን ወድቆ ቢያገኝ አያነሣም።"

ልጁ መጻፉን አቆመና ቀና አለ። "ያን ቀን ከኋላዎ የቆመችው ፍየል ናት?"

ይሄ ልጅ አስተዋይ ነው።

እሑድ፣ ኅዳር 7

አጥሩን ሠራን። እኔ ድንጋይ አቀበልኩ፣ እሱ ገነባ። ሸጋ አጥር ወጣው። ፍየሏ ከወዲያ ማዶ ስትጮህ ዋለች።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

ባጃችን ትናንት መጣ። መላጣዬ ያበራል። ለጽጌሬዳ ደውዬ ሥራ አለኝ አልኳት፣ ዘንድሮም አልመጣም።

ዛሬ ጧት በሩ ላይ ቆሜ ሳለሁ በላቸው መዶሻውን ትከሻው ላይ አድርጎ መጣ። እጄን ዘርግቼ አስቆምኩት።

"ባጅ።"

"አንተ ሰውዬ፣ አታውቀኝም?"

"አላውቅህም።"

እየሳቀ ከደረቱ መዞ አሳየኝ። ፎቶውን ከፊቱ ጋር አስተያየሁት። ደግሜ አየሁት።

ግባ አልኩት።