የጠቆረው ቀይ ኮከብ

ሰኞ

አባባን ወሰዱት። የቀባው ቀይ ኮከብ ጠቆረ ብለው! ቀስ በቀስ ሲጠቁር ሰፈሩ ሁሉ አይቷል፣ ማንም ትንፍሽ አላለም። ዛሬ ሊቀመንበሩ ለሠራተኞች ቀን የቀበሌውን ግድግዳ ሊያይ መጣና ቀና ሲል፣ የከሰል ኮከብ! ሁለት አብዮት ጠባቂዎች አባባን ከምሳው አስነሡት። «ማነው ያጠቆረው?» አለኝ አንዱ። «ፀሐይ ናት፣ እሷን እሠሯት» አልኩት። በጥፊ አጮለኝ። ቀልዷ ግን ጥሩ ነበረች።

ማክሰኞ

እማዬ የወሰደችውን ምሳ እንዳለ መለሱላት። «ፀረ አብዮት ነው» አሏት። እንዲህ የተባለ ሰው መጨረሻው ምን እንደሆነ፣ ስምንተኛን የወደቅኩት እኔም አውቃለሁ።

አባባ እኮ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ነው። የፋብሪካ ቀለም ከጠፋ ቆየ። «ቀይ ከየትም አምጣ» ሲሉት የአያቴን የቀለም ቆርቆሮ ከፈተ። ፈረንጆች ባዜቃ የሚባለውን ፈሳሽ ብረትና ድኝ አቃጥለው የሚሠሩት ዱቄት ነው፣ ድሮ ዓረብ ሱቅ ይሸጥ ነበር። አያቴ የጊዮርጊስን ካባ ቀብቶበታል፣ እስከ ዛሬ እሳት ነው። አባባም በሙጫ በጠበጠው፣ ቀባ።

ረቡዕ

አገኘሁት! ከጣራው ክፈፍ ጥላ ሥር ያለው የኮከቡ ጫፍ አሁንም ቀይ ነው። ጊዮርጊስ ቤተ መቅደስ ውስጥ ነው፣ ፀሐይ አያገኘውም። ከቤታችን ማን ውጭ ቀብቶ ያውቃል? ለካ ቀልዴ እውነት ኖሯል።

ሮጬ ለሊቀመንበሩ ነገርኩት። «ጫፏንማ ሊያፌዝብን ትቷት ነው» አለ። «ጓድ፣ በዚሁ ቀለም ጣውላ ልቀባና ግማሹን በጨርቅ ልሸፍን። ፀሐይ ላይ ይዋል፣ ይዩት» አልኩት። አገጩን አከከ። «እስከ እሁድ ጠዋት። ካልጠቆረ አባትህ ወደ ከፍተኛው እስር ቤት ይተላለፋል። አንተም አብረኸው።»

ሐሙስ

ደመና። ከእንጦጦ ወርዶ ጉለሌ ላይ ተቀመጠ። ጣውላው እንደ በርበሬ ቀልቷል።

ዓርብ

ዝናብ። ጣውላውን ታቅፌ የቀበሌው ጣራ ክፈፍ ሥር ዋልኩ። ጥበቃው «ልጅህ ነው?» ብሎ ሳቀብኝ። ከውስጥ የአባባ ሳል ይሰማል። ምግቡን ዛሬም መለሱት።

ቅዳሜ

ፀሐይ ወጣች፣ ግን ከሰዓት በኋላ ነው። ጣውላውን ይዤ ተከተልኳት፣ ከደጅ ወደ አጥር፣ ከአጥር ወደ ቆርቆሮ ጣራ። ከወጨጫ ተራራ ኋላ ስትገባ እማዬ ጨርቁን ገለጠችው። «ጠቁሯል! አይታይህም እንዴ?» ዓይኔን ጨፈን ሳደርግ ይጠቁራል። ስከፍተው ቀይ ነው። «ይታየኛል» አልኳት። ነገ ጠዋት የሚያየው ሊቀመንበሩ ነው፣ እሱ ደግሞ ያለ መነጽር አጥርቶ ያያል።