ነስሩ የሰረቀው ድምፅ

ዓርብ

ኮምፒውተሩ ዲዳ ሆኗል። ጠዋት ደህና ነበር። ኮምፒውተር ጠጋኙ ነስሩ ከሱቄ ፊት ለፊት ካለው ሱቁ አዲሱን የግራፊክስ ካርድ ይዞ መጣ፣ ከፈተና ሰካው። የማቀናብረው የሰርግ ቪዲዮ መንቀርፈፉን ተወ። ከዚያ ለጁምዓ ተነሳ። «ስመለስ እጨርሰዋለሁ፣ እስከዚያ አትንኪው» አለኝ። እኔ መጠበቅ አልችልም፤ ክዳኑን ገጥሜ አበራሁት። ሙሽሮቹ ይጨፍራሉ፣ ድምፅ የለም።

ሲመለስ ገና በሩ ላይ «ምን አድርገህብኝ ነው?» አልኩት። «አትንኪው አላልኩሽም?» ብሎ ሳቀ። አባረርኩት። ሳቁን ግን ይዤለታለሁ።

ረቡዕ እትዬ አስካለ ይመጣሉ። የልጃቸውን ሰርግ የቀረጽኩት እኔ ነኝ። ባለቤታቸው ሙሽሮቹን በመረቁ በሁለተኛው ሳምንት አረፉ። አርባቸው ሐሙስ ነው። ከጎጃም የሚመጡት ዘመዶች ምርቃቱን እንዲሰሙ ይፈልጋሉ። ያለ ድምፅ ምኑን ከምኑ እቀጥላለሁ?

ቅዳሜ

የሞከርኩት፦ ስፒከሩን ነቅዬ ሰካሁ። ሌላ ስፒከር ተዋስኩ። ሦስቴ አጥፍቼ አበራሁ። አንዴ በጥፊ መታሁት። ምንም።

አሁን ገባኝ። ድምፅ የሚያወጣውን ዕቃ ነቅሎ ወስዷል። «አትንኪው» ያለኝም እንዳላይበት ነው። ቆይ ብቻ።

ሰኞ

ተበቀልኩ። ነስሩ ጋ ኮምፒውተር ሊያሠራ የመጣ ሰውዬ ጠርቼ «የውስጡን ዕቃ ቆጥረህ ስጠው፣ ቆጥረህ ተቀበለው» አልኩት። ሰውዬው ኮምፒውተሩን እንዳቀፈ ተመለሰ። እስከ ምሳ ሰዓት የሱቆቹ መተላለፊያ በሙሉ የድምፅ ዕቃዬን እንደሰረቀ ሰምቷል።

ጨርቅ የሚሸጡት ጋሼ ወልዴ «ልጄ፣ ሲወስድ አይተሻል?» አሉኝ።

«አላየሁም፣ ግን አውቃለሁ።»

ሜትራቸውን አንገታቸው ላይ ጣል አድርገው ወደ ጨርቃቸው ተመለሱ። ነስሩ ቀኑን ሙሉ በርጩማው ላይ ብቻውን ተቀመጠ። ደስ አለኝ። በጣም ደስ አለኝ።

ማክሰኞ

ዛሬም ነስሩ ጋ ሰው አልገባም። እሰይ።

ከሰዓት ኮምፒውተሩን ስጎረጉር የድምፅ መውጫዎች ዝርዝር አገኘሁ። ሁለት ናቸው፤ አንዱ የድሮው፣ አንዱ የአዲሱ ካርድ። ምልክቱ አዲሱ ላይ ነው። ለካ ካርዱ በራሱ ቀዳዳ ወደ ቴሌቪዥን ድምፅ ይልካል። ቴሌቪዥን የለኝም። ምልክቱን ወደ ድሮው መለስኩት፣ እልልታው ሱቁን ሞላው። ደንግጬ አጠፋሁት።

የተሰረቀ ነገር የለም። ነስሩ ተመልሶ ሊጨርሰው የነበረው ይህንኑ ነው።

የጆሮ ማዳመጫ ሰክቼ ሥራዬን ጨረስኩ። ማንም አይስማ። እሱ በተለይ አይስማ። ሌባ ካልኩት በኋላ ምን ልበል? ደግሞስ መሳቅ አልነበረበትም።

ረቡዕ

እትዬ አስካለ በጠዋት መጡ። ማዳመጫውን ብሰጣቸው «ይሄ ጆሮዬን ያፍነኛል፣ እንዲሁ ልስማው» አሉ። ስፒከሩ ተበላሽቷል ልላቸው አስቤ ነበር። በነጠላቸው ጫፍ ስክሪኑን ሲጠርጉ አየሁና አቃተኝ። ማዳመጫውን ነቀልኩት።

ባለቤታቸው መመረቅ ጀመሩ። «ውለዱ ክበዱ። ከሰው አፍ ይሰውራችሁ።»

«አሜን» አሉ እትዬ አስካለ እያለቀሱ። «ከፍ አድርጊው እስቲ።»

ከፍ አደረግኩት። ጋሼ ወልዴ ሜትራቸውን እንደያዙ ወጡ። እኔን አዩኝ፣ ከዚያ ነስሩን አዩት። ነስሩ በርጩማው ላይ ነበር። አልሳቀም። ቢስቅ ይሻለኝ ነበር።

ነገ በየሱቁ ዞሬ «ዋሽቻለሁ» እላለሁ። ከማን ሱቅ እንደምጀምር ግን አላውቅም።